እህቴ ቴክሳስ ገባች፣ ሰርተፊኬቷ ቨርጂኒያ ቀረ

እኔ አሜሪካን ረግጬ አላውቅም። ፓስፖርቴ ላይ አንድ ቪዛ እንኳ አልተመታም። ግን ቨርጂኒያና ቴክሳስ ሲኤንኤን፣ ማለትም ሰርተፊኬት ያለውን የነርስ ረዳት፣ እንዴት እንደሚመዘግቡ ጠይቁኝ፤ ከአራዳ እስከ አዘዞ ያለውን መንገድ እንደማሳያችሁ አድርጌ እነግራችኋለሁ።

እዚህ ያደረሰችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ከእሷ ቀጥሎ የባቻችን የቴሌግራም ግሩፕ መጣ። «ያቺ ጎንደር ያለችውን ጠይቋት» እየተባለ ስልክ ቁጥሬ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞር ከረመ። ከዴንቨር የምትደውል አለች። ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚጽፍ አለ። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ «ስቴት ልቀይር ነው፣ ሰርተፊኬቴ እዚያ ይሠራል ወይ?» ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት ከምለፈልፍ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

እኔ ነርስ ነኝ። ድንገተኛ ክፍል እሠራለሁ። የማታ ዱቲ ጨርሼ ቤት ስገባ እህቴ ልጇን አስተኝታ ስልኳን የምታነሳበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የቤታችን የአሜሪካ ጉዳይ ሁሉ የሚያልቀው እኔን እንቅልፍ እያዳፋኝ፣ እማዬ ቡና እያፈላች ነው።

እህቴ እዚህ በነርስነት ተመርቃ ጥቂት እንደሠራች ዲቪ ደረሳት። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አረፈች። እንደ ብዙዎቹ ልጆቻችን መጀመሪያ ሲኤንኤ ሆነች። ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት፣ ሠራች። አገባች፣ ወለደች፣ ቤት ዋለች። የቤት ኪራዩ አላስቀምጥ ሲላቸው ባሏ «ዳላስ እንሂድ» አለ። ዕቃ ተጫነ። ስለ ሰርተፊኬቱ ያሰበ አልነበረም። አብሮ የሚሄድ ነው የመሰላቸው።

አብሮ አይሄድም። ሲኤንኤ መሆንሽ የሚታወቀው በወረቀቱ ሳይሆን በስቴቱ መዝገብ ነው። ሬጅስትሪ የሚሉት እሱ ነው። አሜሪካ በ1987 እ.ኤ.አ. ስለ ነርሲንግ ሆሞች የፌዴራል ሕግ አወጣች። አረጋዊ የሚያጥብ፣ የሚያበላ፣ የሚያገላብጥ ረዳት ቢያንስ 75 ሰዓት ይሠልጥን፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 16ቱ በተቆጣጣሪ ፊት የሚሠራ ተግባር ይሁን፣ ይፈተን፣ ስሙም በስቴቱ መዝገብ ይስፈር ተባለ። 75 ሰዓት ትንሹ ነው። ከዚያ በላይ የሚጨምረው እያንዳንዱ ስቴት እንደፈቃዱ ነው። ቴክሳስ 100 ትላለች። ካሊፎርኒያ 160። አንዱ ስቴት የሌላውን ሲኤንኤ እንዲሁ ዓይኑን ጨፍኖ የማይቀበለውም ለዚህ ነው።

ደግነቱ አብዛኛውን ጊዜ እንደገና ተማሪ አይሉም። ረሲፕሮሲቲ የሚባል መንገድ አለ። ቴክሳስ የቨርጂኒያን መዝገብ ታያለች። ስምሽ አለ? ጊዜው አላለፈበትም? ሰው መበደል፣ ችላ ማለት፣ የታካሚ ንብረት መውሰድ የሚል ነገር አልተጻፈብሽም? እንግዲያው እኔም እመዝግብሽ ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ጊዜው አላለፈበትም» የሚለው ላይ ግን እህቴ ልትወድቅ ነበር። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ 24 ወር በተከታታይ ደመወዝ የሚከፈልበት የእንክብካቤ ሥራ ካልሠራሽ እንደ አዲስ ሠልጥነሽ ወይም ተፈትነሽ ነው የምትመለሺው። ልጅ ይዛ ቤት የዋለች ሴት እዚህ ላይ ትጠለፋለች። የባሏን እናት ስትንከባከብ መክረሟ አይቆጠርላትም፤ ማን ከፈላት? የእኛዋ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርተዋታል። እሷ ጭራሽ አላሰበችውም። እኔ ነኝ «መጨረሻ ደመወዝ የተከፈለሽ መቼ ነው?» ብዬ ያፋጠጥኳት።

«እትዬ፣ ምን አገናኘው?» አለችኝ።

«ደብልዩ ቱሽን አምጪ» አልኳት። እስከዚያ ቀን ደብልዩ ቱ የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ከግሩፑ ነው የሰማሁት። ለካ ቀጣሪ በዓመቱ መጨረሻ ምን ያህል እንደከፈለሽና ምን ያህል ግብር እንደቆረጠ የሚጽፍበት ወረቀት ነው። ካርቶን ለካርቶን ሲፈልጉ አምሽተው በመጨረሻ ከልጁ የክትባት ወረቀት ጋር ተጣብቆ ተገኘ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ያዙ። አሮጌው ስቴት ላይ ያለው ሰርተፊኬት መጀመሪያ ይታደሳል። አዲሱ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። የሞተ ሰርተፊኬት ይዛችሁ ረሲፕሮሲቲ ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። አዲሱ መዝገብ ላይ ስማችሁን በዓይናችሁ እስክታዩም አሮጌውን አትልቀቁት። ሲሆን ሲሆን ጉዳዩ የሚጀመረው ዕቃ ሳይጫን፣ ደመወዝ ሳይቋረጥ ነው። ዳላስ ገብቶ ኪራይ እየከፈሉ መጠበቅ ምን እንደሚመስል የእህቴን ባል ጠይቁት።

በዚህ መሀል ነው አማካሪው የበዛው። አንዷ «እንደ አዲስ ኮርሱን ውሰጂ፣ ይቀልሻል» አለቻት። ለአዲስ ኮርስ የሚወጣው ገንዘብ ቀላል መስሏት ይሆን? አንድ ሰውዬ ደግሞ «እኔ ላዛውርልሽ» ብሎ የወር አስቤዛዋን የሚያህል ብር ጠየቃት። የሚያደርገው ምንድን ነው? ማመልከቻውን መሙላት። ማመልከቻው ደግሞ ከራሱ ከሬጅስትሪው የሚገኝ፣ ስምሽን፣ አድራሻሽንና የቀድሞ ስቴትሽን የሚጠይቅ ነገር ነው። እኛ ጎንደሬዎች ደላላ የምናውቀው ለቤትና ለከብት ነበር። ለቅጽ መሙያ ደላላ አላየሁም። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ቤተ ክርስቲያን የምታገኟትን የኮሌጅ ተማሪ ለምኗት። በአንድ ስኒ ቡና ትሞላላችኋለች።

ሌላዋ ደግሞ «ቴክሳስ የግድ እንደገና ትፈትንሻለች» ብላ አስደነገጠቻት። እንዲያ አልነበረም፤ ግን እህቴ እንቅልፍ አጣች። ለማንኛውም ብለን በቪዲዮ ልምምድ ጀመርን። ባሏ ሶፋው ላይ ታማሚ ሆኖ ይጋደማል። እሷ ትሠራለች። እኔ እዚህ ፈታኝ ነኝ።

መቼም ነርስ ናት። እዚህ እያለች ድርቀት ያጠወለገው ሕፃን ላይ ደም ሥር ፈልጋ መርፌ የምታገባ ልጅ ነበረች። እኔ ሁለቴ ስቼ እሷን የጠራሁበት ቀን አለ። ቨርጂኒያ የተፈተነችበት ፈተና ግን ሌላ ዓለም ነው። አምስት ክህሎት ይሰጡሻል፤ እጅ መታጠብ ሁልጊዜ አለበት። ስልኩን ቧንቧው አጠገብ አስደግፋ ታጠበች። ጣቶቿን ወደ ታች አድርጋ፣ በሳሙና ቢያንስ 20 ሴኮንድ አሽታ፣ ጥፍሮቿን መዳፏ ላይ አፍተልትላ፣ አለቅልቃ፣ በወረቀት አደረቀች። ከዚያ ቧንቧውን በባዶ እጇ ዘጋችው።

«ወደቅሽ!» አልኳት።

ቧንቧው የሚዘጋው በንጹሕ ወረቀት ነው። የታጠበ እጅ የቆሸሸ ቧንቧ ከነካ አልታጠበም። እማዬ ከምድጃው ዞር ብላ «እኛ ጋ ውኃው ራሱ ነው የሚዘጋው፣ እጅ አያስፈልገውም» አለች። የጎንደር ሰው ያውቃታል፤ በፈረቃ መጥታ በፈረቃ የምትሄድ ውኃ።

የልብ ምቱም እንዲሁ ነው። ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል። የአንቺ ቁጥርና የፈታኟ ቁጥር ከአራት ምት በላይ መራራቅ የለበትም። እኛ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሰው ተደራርቦ አሥራ አምስት ሴኮንድ ቆጥረን በአራት እናባዛለን። እህቴም እጇ የለመደው እሱን ነው። ባሏ «ልቤ ልክ ናት ወይ?» እያለ ሲያስቃት ቆጠራው ሁሉ ይጠፋባታል። ያም ሆኖ ፈተናው ሳያስፈልግ ቀረ። የቨርጂኒያው ታደሰ፣ የቴክሳሱ ማመልከቻ ገባ፣ ስሟ መዝገቡ ላይ ወጣ። እዚያ መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው፤ እኔም ከዚህ ሆኜ ስሟን ጽፌ አየሁት። ኔትወርኩ ለዚያች ለአንድ ነገር እንኳ አላሳፈረኝም።

አሁን ወደ ነርሶቹ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለቱን ይደባልቃል። «ቴክሳስና ቨርጂኒያ ኮምፓክት ናቸው አይደል፣ ታዲያ እህትሽ ምን አስጨነቃት?» ይሉኛል። ኮምፓክቱ ስቴቶች አንዱ የሌላውን የነርስ ላይሰንስ የሚቀበሉበት ስምምነት ነው። የሚመለከተውም ላይሰንስ ያላቸውን አርኤኖችና (ዋና ነርሶች) ኤልፒኤኖች (ከእነሱ ዝቅ ያሉ ነርሶች) ነው። ሲኤንኤን አይመለከትም። በኮምፓክቱ ከ40 በላይ ስቴቶች አሉ። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያ፣ ኮሎራዶ ውስጡ ናቸው። ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ የሉበትም። ዲሲም የለችበትም፤ ስለዚህ ሜሪላንድ እያደራችሁ ዲሲ የምትሠሩ ሁለት ላይሰንስ ያስፈልጋችኋል።

ኮምፓክት ስቴት ውስጥ መኖር ብቻ ግን አይበቃም። ላይሰንሱ ራሱ መልቲስቴት፣ በኮምፓክቱ ስቴቶች ሁሉ የሚሠራ፣ መሆን አለበት። አንዳንዱ የያዘው ለአንድ ስቴት ብቻ የሚሠራውን ነው፤ አያውቅም። መልቲስቴቱ ደግሞ የታሰረው ከመኖሪያችሁ ጋር ነው። መንጃ ፈቃዳችሁ፣ ግብራችሁ፣ ቤታችሁ ያለበት ስቴት ማለት ነው። ከአንዱ ኮምፓክት ስቴት ወደ ሌላው ጠቅልላችሁ ከገባችሁ በ60 ቀን ውስጥ የአዲሱን መልቲስቴት ላይሰንስ ማመልከት አለባችሁ። ይህ 60 ቀን የመጣው ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። የባቻችን ልጅ ከሜሪላንድ ቴክሳስ ሄዶ «የእኔ እኮ ለሁሉም ይሠራል» እያለ ሲዝናና፣ ግሩፑ ላይ ተረባርበን ነው ያስነሳነው። ቴክሳስ ደግሞ አሻራ ትጠይቃለች፣ በራሷ የነርስ ሕግ ላይ አጭር ፈተናም አላት። የሚያስፈራ አይደለም። ግን ይነበባል።

ላይሰንሱ ትክክል መሆኑን የአንዱ ስቴት የነርሶች ቦርድ ለሌላው የሚነግረው ነርሲስ በሚባል የጋራ መረጃ ቋት ነው። ይህን ስሰማ ቀናሁ። እኔ ራሴ ደቡብ ሄጄ ሠርቼ ተመልሻለሁ። ከክልል ክልል ስትቀይሪ የሙያ ፈቃድሽ ላይ ጉድ ስታንዲንግ ይጠየቃል፤ ጥፋት የለባትም የሚል ደብዳቤ። መልቀቂያ፣ የሥራ ልምድ፣ ክሊራንስ። ሁሉም ማህተም ይፈልጋል፣ ሁሉም በእጅ ይሄዳል። የክልሉ ጤና ቢሮ ያለው ባሕር ዳር ነው፣ ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ። በደህናው ቀን የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። የአሁኑን እናንተም ታውቁታላችሁ። መንገዱ እንዴት ዋለ ተብሎ ተጠይቆ ነው የሚወጣው።

የእህቴ ጉዳይ ግን በሲኤንኤ አላበቃም። አርኤን መሆን ትፈልጋለች። ከዚያ በኋላ ኳሱ እኔ ጋ መጣ፤ ወረቀቱ ያለው እዚህ ነውና። ውጭ የተማረ ነርስ ትምህርቱ ይገመገማል። ከገምጋሚዎቹ የታወቀው ሲጂኤፍኤንኤስ ነው፣ በቅርቡ ስሙን ትሩሜሪት ብሎታል። ትራንስክሪፕቱን ከተማሪዋ እጅ አይቀበልም። ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ መምጣት አለበት።

መጀመሪያ ኮስት ሼሪንግ ይከፈል ተባለ። ተከፈለ። ከዚያ ውክልና አምጪ ተባልኩ። እህቴ ኤምባሲ ሄዳ ውክልና ላከች፤ እሱ ደግሞ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል። ከዚያ ሬጅስትራሩ ዓመታዊ እረፍት ወጣ። ኮሌጁን አልጠራውም፤ ከተማዋ ትንሽ ናት።

በመጨረሻ ፖስታው ወጣ። የተጣበቀ ነው፣ ግን መዝጊያው ላይ ማህተም የለም። ልጁን «እዚህ ላይ ምታልኝ፣ ግማሹ ክዳኑ ላይ ግማሹ ፖስታው ላይ ይረፍ» አልኩት። ሰው ከፍቶ መልሶ ቢያጣብቀው ማህተሙ አይገጥምም፤ ገምጋሚው የሚያየው እሱን ነው። ልጁ አየኝና «እመቤት፣ የኛን ሥራ ያስተምሩናል እንዴ?» አለ። መታው ግን። ሁለቴ መታው። ፊርማውንም በማህተሙ ላይ አሳረፈበት። ዲኤችኤል እስካስረክብ ድረስ እንደ ታቦት ይዤው ሄድኩ።

ደረሰ። ከዚያ ጥያቄ መጣ። ዲግሪዋ 2006 ይላል። የእኛ 2006 ነው። እዚያ ያለችው ሰው በፈረንጅ አንብባው «ሃይስኩል ሳትጨርሺ እንዴት ተመረቅሽ?» አለቻት። ኮሌጁ ዘመኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ ደብዳቤ ላከ። ስሙም አለ። የአባታችን ስም ዲፕሎማው ላይ በአንድ ፊደል ያልቃል፣ ፓስፖርቷ ላይ በሌላ። ቨርጂኒያ ሰርተፊኬት ላይ የአባቷ ስም፣ ቴክሳስ መታወቂያ ላይ የባሏ። እንደ አበሻ ብናስበው ሁሉም አንዲት ልጅ ናት። እንደ ኮምፒውተር ግን ሦስት ሰው። ልጆች፣ ስቴት ከመቀየራችሁ በፊት ስማችሁን አንድ አድርጉት። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ቅጂውን ብቻ ሳይሆን ዋናውን ከእጅ ቦርሳ አታውጡት።

አሁን የቀረን የሰዓት ጉዳይ ነው። የእኛ ትራንስክሪፕት ክሬዲት ነው የሚቆጥረው። እነሱ የሚፈልጉት በየዘርፉ የንድፈ ሐሳብና የክሊኒክ ሰዓት ለየብቻ ነው፤ ለአዋቂ ሕክምና፣ ለእናቶች፣ ለሕፃናት፣ ለአእምሮ ሕክምና። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ የአእምሮው ነው። እህቴ ዋርድ ውስጥ ለሳምንታት ቆማ የተማረችው ወረቀቱ ላይ አንዲት መስመር ሆና ተቀምጣለች። ያቺን መስመር በሰዓት ተርጉሞ የሚፈርም ሰው እያደንኩ ነው። እስካሁን ካየሁት የወረቀት ጣጣ ሁሉ ይኼ ነው የከበደኝ።

እግረ መንገዴን፤ የጤና መኮንኖች ስትጠይቁኝ ልቤ ይሰበራል። ጎንደር የጤና ኮሌጅ ሆና በ1947 ዓ.ም. ስትጀምር የመጀመሪያ ልጆቿ የጤና መኮንኖች፣ የኮሚኒቲ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ነበሩ። ገጠሩን ያከሙት እነሱ ናቸው። አሜሪካ ግን በዚያ ስም የሚሰጥ ላይሰንስ የለም። ነርስም አይሏችሁም። ስቴት በመቀያየር የሚፈታ ችግር አይደለም፤ ማስተርስ ወይም ሌላ ትምህርት ነው መንገዱ። ይህን ያልነገሯችሁ ሰዎች ጓደኞቻችሁ አይደሉም።

ቢኤልኤስና ኤሲኤልኤስ፣ ልቡ የቆመን ሰው የማዳን የመሠረታዊና የከፍተኛ ሥልጠና ካርድ፣ ላላችሁ፤ የአሜሪካ ልብ ማኅበር ካርድ የስቴት አይደለም። ሁለት ዓመት እስኪሞላው ዳላስም ዴንቨርም ያው ነው። እሱን እንደገና ክፈሉ ካሏችሁ ጊዜው ማለፉን አይታችሁ ነው።

ቨርጂኒያ ፒሲኤ (የግል እንክብካቤ ረዳት) ሆናችሁ የምትሠሩ ደግሞ ያ የ40 ሰዓት ሥልጠና ሲኤንኤ አያደርግም፤ የሲኤንኤ ሬጅስትሪ ላይ ስማችሁን ብትፈልጉ አታገኙትም። ለሌላ ስቴት የሚያስተላልፈው የለም፣ እዚያ እንደ አዲስ ሲኤንኤ መሠልጠን ነው። ሜሪላንድ ላይ መድኃኒት መስጠት የተፈቀደላችሁም አዲሱ ስቴት ስለ መድኃኒት የራሱ ሕግ እንዳለው ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሲኤንኤው ቢያልፍላችሁ እሱ ላይከተል ይችላል። ካሊፎርኒያ ልትሄዱ ያሰባችሁ ሦስት ሰዎች ደግሞ መልእክታችሁ ደርሶኛል። የ160 ሰዓቱን ነገር ከላይ ጽፌዋለሁ። ከዚያ በላይ ያለውን የስቴቱን የሕዝብ ጤና መምሪያ ጠይቁ፤ እዚያ ሲኤንኤን የሚመዘግበው እሱ እንጂ የነርሶች ቦርድ አይደለም። እኔ ዛሬ ማታ ዱቲ ነኝ።